«የሎጥን ሚስት አስቢ» ተባልኩ

ጥያቄ

ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጆች። ጤና ይስጥልኝ።

የ36 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ነው። በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 12 ዓመት አስተምሬያለሁ። ባለቤቴ ወንጌላዊ ነው፤ ተወልዶ ያደገው ከሚሴ ስለሆነ ኦሮምኛውን እንደ አማርኛው ይናገራል። ሁለት ልጆች አሉን። ሴቷ ስምንተኛ ክፍል ናት፤ በጥቅምት 13 ዓመት ይሞላታል። ወንዱ አምስት ዓመቱ ነው። ያለነው እናቴ ቤት ነው። እናቴ ሙስሊም ናት። እኔ ጌታን ስቀበል አንድ ዓመት ሙሉ ተኳርፈን ነበር፤ የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ ግን ገንፎ አገንፍታ ያረሰችኝ እሷው ናት። በረመዳን ማፍጠሪያዋን እኔ አሰናዳለሁ፤ ለገና ቤቱን የምትጎዘጉዝልኝ እሷ ናት። አሁን 71 ዓመቷ ነው፤ ስኳርና ደም ብዛት አለባት። ከእኔ ሌላ ያላት ልጅ ወንድሜ ብቻ ነው፤ እሱም ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ኮምቦልቻ ይኖራል።

መስከረም መጨረሻ ላይ ከእሁዱ ስብከት በኋላ መጋቢያችን ባለቤቴን ወደ መድረክ ጠርቶ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ኬንያ፣ ማርሳቢት ልትልከው መወሰኗን፣ በቦረናዎች መካከል እንደሚያገለግል አበሰረ። ምእመኑ በእልልታ ተቀበለው። እኔም ከመቀመጫዬ ተጠራሁ፤ እጅ ጭነው ጸለዩልን። የማርሳቢትን ስም የሰማሁት ያኔ ነው። ቤት ስንገባ «ለምን አልነገርከኝም?» ስለው «ሸክሙ ካደረብኝ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ እንቢ እንዳትዪኝ ፈርቼ ነው» አለኝ። ጉዞው ጥር ላይ ነው።

ልጄ ከዚያ ቀን ወዲህ አባቷን አታናግረውም። በጥቅምት 2014 ከተማችን በጦርነቱ ስትያዝ በሌሊት ወጥተን አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ሁለት ወር ተቀምጠን ነበር። አሁን ሻንጣ ስታይ ፊቷ ይለወጣል፤ ሌሊት ትባንናለች። እናቴ ደግሞ ምንም አላለችም። «ቡናዬን ከማን ጋር ልጠጣ ነው?» ብቻ አለችኝ።

ጭንቀቴን ለአንዲት የጸሎት ቡድናችን እህት ባካፍላት «የሎጥን ሚስት አስቢ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ለማንም አልተናገርኩም። ባለቤቴን እወደዋለሁ፤ ጥሪውም የውሸት አይመስለኝም። ነገር ግን እንቢ ብል እግዚአብሔርን የተቃወምኩ፣ እሺ ብል እናቴን በቁሟ የቀበርኳት ይመስለኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

«ዝም ያልኩት» ነኝ ከደሴ

መልስ

ውድ እህታችን፤

ስለ እናትሽ፣ ስለ ልጅሽና ስለ ባለቤትሽ በደንብ ነግረሽናል። እጅ ተጭኖብሽ መድረኩ ላይ ስትቆሚ አንቺ ምን እንደተሰማሽ ግን ደብዳቤሽ ውስጥ አንድ መስመር የለም። ምን ነበር? ንዴት? ሀፍረት? ወይስ መደንዘዝ ብቻ? ለእኛ መመለስ የለብሽም፤ አንድ ምሽት ቁጭ ብለሽ ለራስሽ ጻፊው። በእልልታ መሀል አንገቷን ደፍታ «አሜን» ያለች ሴት ተስማምታለች ብሎ መቁጠር ይከብዳል፤ በዚያች ደቂቃ ሌላ የምትለው አልነበራትም። ስለዚህ አንቺ እስካሁን እሺም እንቢም አላልሽም። ጥያቄው ገና አልቀረበልሽምና።

የሎጥ ሚስት ዞራ ያየችው እሳት የሚወርድባትን ከተማ ነው። አንቺ ዞረሽ የምታዪው ያረሰችሽን እናትሽን ነው። ጥቅስ ካስፈለገ ማርቆስ 7 ይቀርብሻል፦ ለአባትና ለእናት የሚገባውን «ቁርባን ነው፣ ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ» እያሉ ከመጦር የሚያመልጡትን ጌታ የገሠጸበት ክፍል ነው። እናትሽ ሙስሊም መሆኗም ነገሩን አይለውጠውም፤ «አባትህንና እናትህን አክብር» የሚለው ትእዛዝ ስለ ወላጆቹ እምነት የጨመረው ነገር የለም። የጸሎት ቡድን እህትሽ በክፋት የተናገረችው አይመስለንም። ብቻ እንዲህ ያለ ቃል ሰውን ዝም ያሰኛል፤ አንቺንም አሰኝቶሻል።

ወደ ባለቤትሽ እንምጣ። «እንቢ እንዳትዪኝ ፈርቼ ነው» ያለውን በንዴት ብቻ አትስሚው። ሁለት ዓመት ብቻውን ተሸክሞታል፤ በዚያ ሁለት ዓመት አንቺን ላለማጣት ሲል ነው ከአንቺ የራቀው። ስህተት ነው፤ ከባድ ስህተት ነው። ግን ሐሳብሽን ከቁም ነገር የማይቆጥር ሰው እንቢታሽን አይፈራም። ሙሴ ያን ሕዝብ ሲመራ ሚስቱ ሲፓራና ሁለቱ ልጆቿ ወደ አባቷ ተልከው ነበር፤ ወደ ምድረ በዳው ይዟቸው የመጣው አማቱ ዮቶር ነው፤ ዘጸአት 18 ላይ ታገኙታላችሁ። አብራችሁ ብታነቡት ስለ እናንተ ብዙ የሚያነጋግራችሁ ይመስለናል።

ስትነጋገሩ ቤት ውስጥ፣ ልጆቹና እናትሽ በሚሰሙበት አይሁን፤ እሁድ ከአምልኮ በኋላም አይሁን፣ ያን ሰዓት ልቡ ሌላ ቦታ ነው። በሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ ወጣ ብላችሁ ሻይ ጠጡ። ሁሉንም ባንዴ አታንሺ፤ አንድ ቀን አንድ ጉዳይ ይበቃል። የመጀመሪያው ቀን ስለ ኬንያ ምንም አታንሺ። እንዲህ ብቻ በዪው፦ «ጥሪህን አልተቃወምኩም። ሳልጠየቅ ሰው ፊት መቆሜ ግን አሞኛል። አሁን ጠይቀኝ፤ መልሴንም ጠብቅ።» ይቅርታ ሊጠይቅሽ ይችላል፤ ሊከላከልም ይችላል። ቢከላከል አትከራከሪው፤ ሁለት ቀን ስጪው።

ከዚያ አንድ ነገር እሱ ራሱ ማድረግ አለበት። ወደ መጋቢውና ወደ ሽማግሌዎቹ ሄዶ «ባለቤቴን ሳላማክር ነው የተቀበልኩት፤ አብረን ወስነን እስክንመለስ ጊዜ ስጡን» ይበል። አንቺ ሄደሽ ብትነግሪያቸው «እሱ ሊሄድ ነበር፣ እሷ አስቀረችው» የሚለው ወሬ ዕድሜሽን ሙሉ ይከተልሻል። እሱ ሲናገረው ግን የሁለታችሁ ጉዳይ ይሆናል፤ በእርግጥም የሁለታችሁ ነው።

ጥር ለምን እንደተመረጠ እንገምታለን፤ የኬንያ ትምህርት ቤቶች ዓመት የሚጀምረው በፈረንጆቹ ጃንዋሪ ስለሆነ ሳይሆን አይቀርም። ለልጅሽ ግን የባሰው ጊዜ ይኸው ነው። የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ሰኔ ላይ ነው፤ ጥር ላይ ብትነሣ ያለ ፈተና ውጤት ትሄዳለች፣ መመለስ ቢመጣ የምትይዘው ወረቀት የላትም። የኬንያው አዲስ ሥርዓት ደግሞ ስድስት ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ ከዚያ ሦስት ዓመት መለስተኛ፣ ማለትም 7ኛ፣ 8ኛና 9ኛ፣ ከዚያ ሦስት ዓመት ከፍተኛ ነው። 9ኛ ክፍል መጨረሻ ላይ አገር አቀፍ ምዘና አለ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ ኪስዋሂሊም ግዴታ ነው። ቀጥታ 9ኛ ብትገባ አንድም የኪስዋሂሊ ቃል ሳታውቅ ከአሥር ወር በኋላ ትፈተናለች። እኛ የምንለው፦ ሰኔ ላይ እዚሁ ትፈተን፣ ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ ያሉትን ወራት ለእንግሊዝኛና ለኪስዋሂሊ ትጠቀምባቸው፣ በቀጣዩ ጥር 8ኛን ደግማ ትግባ። «ወደ ኋላ ቀረች» የሚል ዘመድ አይጠፋም። አንድ ዓመት ደግሞ ቋንቋ ይዞ መቀጠል ግን ሦስት ዓመት እየወደቁ ከመከተል ይሻላል፤ አንቺ አስተማሪ ስለሆንሽ ይህን ከእኛ የበለጠ ታውቂዋለሽ። ለትንሹ ልጅ ችግሩ ትንሽ ነው፤ በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ ቋንቋውን ከጎረቤት ልጆች ጋር በጨዋታ ይይዘዋል።

አንቺም የትምህርት ዘመኑን ሳታቋርጪ ትጨርሺያለሽ። ሥራሽን ግን አሁን አትልቀቂ። ያለ ደመወዝ ፈቃድ ይሰጥሽ እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቂ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበዪ። የግድ መልቀቅ ቢመጣ የሥራ ልምድሽንና መሸኛሽን ይዘሽ ውጪ። የ12 ዓመት ጡረታሽ ምን እንደሚሆንም ሳትፈርሚ በፊት የጡረታ ጽሕፈት ቤቱን ጠይቂ። ከደመወዝሽ በየወሩ 7 ከመቶ ሲቆረጥ፣ መንግሥትም 11 ከመቶ ሲጨምርበት የኖረ ገንዘብ ነው፤ በቸልታ የሚተው አይደለም።

ባለቤትሽ ግን ጥር ላይ ብቻውን ሄዶ አይቶ ሊመለስ ይችላል። ሁለት ወር፣ ቢበዛ ሦስት፤ ለፋሲካ ቤቱ ይሁን። ቀኑ ተቆርጦ፣ የመመለሻው ትኬት ተይዞ። «እሱ ሁለት ዓመት ያገልግል፣ አንቺ እዚህ ልጆቹን ያዢ» የሚል ሐሳብ ሊመጣ ይችላል፤ ርካሽና ቀላል ስለሚመስል ሽማግሌዎች ይወዱታል። በእኛ ግምት ካሉት አማራጮች ሁሉ ይኸ የከፋው ነው። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 7 ባልና ሚስት ቢለያዩ እንኳ ተስማምተው፣ ለጊዜው ይሁን ይላል። አቂላና ጵርስቅላም ከሮም ቆሮንቶስ፣ ከቆሮንቶስ ኤፌሶን ሲዛወሩ የሁለቱም ስም ሁልጊዜ አንድ ላይ ነው የሚጠራው።

እስቲ አሁን ስለ ቦታው እንነጋገር። ማርሳቢት ከተማዋ ተራራ ላይ ናት፣ ደን አላት፣ ጧት ጧት ጉም ይወርድባታል፤ ዙሪያዋ ግን ደረቅ ቆላ ነው። ከደሴ በ1,000 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። የውሃ እጥረቷ የቆየ ነው፤ ብዙ ቤተሰብ ውሃ የሚገዛው በጀሪካን ነው። ባለቤትሽ ሄዶ ሲያይ ከቤት ኪራይ በፊት የጀሪካን ዋጋ ይጠይቅ፤ በበጋም በክረምትም። ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ብትይዢ አራት ሰው 80 ሊትር ነው፤ አራት ጀሪካን በቀን፣ 120 ጀሪካን በወር። ይህ ቁጥር ቤተ ክርስቲያን ባዘጋጀችው በጀት ውስጥ አለ? እዚህ ደሴ ቁጭ ብሎ ለተጻፈ በጀት ውሃ ትዝ አይለውም። የኤሌክትሪክ ምጣዱንም ለመጫን አትቸኩሉ፤ ከ3 ኪሎዋት በላይ የሚስብ ዕቃ ነው፣ ኬንያ ደግሞ መብራት በቅድሚያ በተከፈለ ካርድ ስለሚሠራ እንጀራ በጋገራችሁ ቁጥር ሒሳቡ ሲወርድ ታዩታላችሁ።

ስለ ሰላሙም በግልጽ ጠይቁ። በማርሳቢት ቦረና፣ ገብራ፣ ሬንዲሌ፣ ቡርጂ አብረው ይኖራሉ። በገብራና በቦረና መካከል ግጭቱ በርትቶ በሚያዝያ 2014 መጨረሻ የኬንያ መንግሥት የሰዓት እላፊ አውጆ የጦር መሣሪያ ማስፈታት ዘመቻ አካሂዷል። «ለቦረናዎች የተላከ» የሚል ስም ይዞ የገባ ሰው ሳያውቀው የአንድ ወገን ሰው ይሆናል። ቤት የምትከራዩበትን ሰፈር፣ የመጀመሪያዎቹን ወዳጆች ጭምር፣ ከሁሉም ወገን ምእመናን ያሉት ተቀባይ ቤተ ክርስቲያን ይምረጥላችሁ። የከሚሴው ኦሮምኛና የቦረናው ይግባባሉ፤ ቃሉና ቅላፄው ግን ስለሚለይ ባለቤትሽ የመጀመሪያዎቹን ወራት እንደ ተማሪ ይቁጠራቸው። አንድ ነገር ደግሞ በእጃችሁ አለ፦ እዚያ ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ መንደር ይኖራል። እናትሽ ቤት የኖረ ሰው ጎረቤትን ሳያስቀይም እንዴት እንደሚኖር የሚያስተምረው አያስፈልገውም።

ከቤተ ክርስቲያን የምትፈልጉትን በቃል አትቀበሉ። አንድ ገጽ ደብዳቤ፣ ማኅተም ያለው፣ የሁለታችሁም ስም የሰፈረበት። ከሁሉ በፊት የመኖሪያና የሥራ ፈቃዱ ይጻፍ። ኢትዮጵያዊ ኬንያ መግባት አይቸግረውም፤ ግን የጎብኚ ማኅተም ይዞ ማገልገል አይፈቀድም። ለሃይማኖትና ለበጎ አድራጎት ሥራ «ክላስ አይ» የሚባል ፈቃድ አለ፤ የሚያመለክትለትም እዚያው የተመዘገበ ተቀባይ ድርጅት ነው። ወራት ሊፈጅ ይችላልና ፈቃዱ ሳይወጣ ቤተሰብ አይነሣም የሚል መስመር ይግባ። አንቺና ልጆቹ የምታገኙት በእሱ በኩል የሚሰጥ የጥገኛ ፈቃድ ነው፤ ስሙ ራሱ አይጥምም። በዚያ ፈቃድ ተቀጥረሽ ማስተማር አትችዪም፤ ለማስተማር የራስሽ የሥራ ፈቃድና የኬንያ የመምህራን አገልግሎት ኮሚሽን ምዝገባ ያስፈልግሻል። ማለትም ዛሬ በሁለት ደመወዝ የሚኖረው ቤት በአንድ ይኖራል፤ አንቺም ከ12 ዓመት በኋላ የራስሽ ገቢ አይኖርሽም። ይህ ገንዘብ ብቻ አይደለም። ጧት ተነሥተሽ የምትሄጂበት ቦታ ሲጠፋ ምን ትሆኚ ይመስልሻል? እዚያ የምትሠሪው አገልግሎት ምንድን ነው? «የወንጌላዊው ሚስት» የሥራ መደብ አይደለም፤ ደብዳቤው ውስጥ ያንቺም ድርሻ በስሙ ይጠራ።

ድጋፉ በኬንያ ሽልንግ ይተመን። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን 57 አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። በብር ቃል የተገባለት አገልጋይ ውጭ አገር ቁጭ ብሎ ኑሮው በግማሽ ሲቀንስ ማየት ማለት ነው። መዋጮው ቢዘገይስ ማን ይሸፍናል? የሦስት ወር ወጪና የአራት ሰው መመለሻ ገንዘብ ከጉዞው በፊት በሁለታችሁ ስም ባንክ ይቀመጥ። የአገልግሎቱ ዘመን ሁለት ዓመት ይሁን፤ በስድስተኛው ወር ላይ ከሁለታችሁ አንዱ «አልሆነም» ቢል ያለ ነቀፋ ጉዳዩ እንደገና ይታያል የሚል ይጨመርበት። ይህን መጠየቅ እምነት ማነስ ነው የሚልሽ ካለ ሉቃስ 14ን ያንብብ፤ ግንብ ሊሠራ የሚወድ ተቀምጦ ኪሳራውን ይቆጥራል ያለው ጌታ ራሱ ነው። ስለ ኪራይ፣ ስለ ትምህርት ቤትና ስለ ትኩሳት ሲጠየቅ የሚቆጣ ጥሪ፣ ለእኛ ገና ለጉዞ የደረሰ አይመስለንም።

ወረቀቶቻችሁን ሰኔን ሳትጠብቁ ጀምሩ፦ የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀት፣ ትርጉም፣ የሰነዶች ማረጋገጫ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተም፣ የልጆቹ ትራንስክሪፕት። ሁለት ነገር ሁልጊዜ ያስቸግራል። አንዱ ስም ነው፦ የእኛ አገር ሚስት የባሏን ስም ስለማትይዝ ወረቀቱ ላይ የተለያየ ቤተሰብ ትመስላላችሁ፤ የጋብቻ ወረቀቱን ዋናውን በእጅሽ ያዢ። ሁለተኛው ዘመን ወደ ፈረንጆቹ ሲለወጥ ነው፦ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ለተወለደ 7 ዓመት፣ ከዚያ ወዲያ ላለው 8 ዓመት ነው የሚደመረው፤ የሚያምታታው ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ የተወለደው ነው። በጥቅምት 2005 የተወለደችው ልጅሽ እ.ኤ.አ. የ2012 ናት። አንድ ጸሐፊ 8 ደምሮ 2013 ቢላት ፓስፖርቷና የትምህርት ቤት ወረቀቷ አይገጥሙም፤ ለማረም ደግሞ ብዙ መመላለስ ነው።

ለጤናው፣ የቢጫ ወባ ክትባት ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን አስቀድማችሁ ውሰዱ፤ ቢጫ ካርዱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ወባው ግን ክትባት አይደለም ጉዳዩ። ደጋ ያደገ ልጅ ሰውነቱ ወባን አያውቀውም፤ ቆላ ያደገው ልጅ በትኩሳት የሚያልፈው እሱን ሊጥለው ይችላል። በመንገድም ሆነ ወደ ቆላው ለአገልግሎት ስትወርዱ መድኃኒት የተነከረ አጎበር ይኑራችሁ። ልጅ ሲያተኩሰው «ነገ እናያለን» የሚባል ነገር የለም፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ይመርመር። የወባ መድኃኒቱ ኮአርተም ከታዘዘ በሁለተኛው ቀን ቢሻለውም ሦስቱን ቀን ስድስቱንም ጊዜ ይውሰድ፤ ሲወስድም ወተት ወይም ቅባት ያለው ምግብ ይብላበት፣ ባዶ ሆድ ላይ በደንብ አይሠራም።

ስለዚህ ጉዳይ የወሎ ሰው ሊያውቀው የሚገባ አንድ ታሪክ አለ። ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ እ.ኤ.አ. በ1842 ከሸዋ ተነሥቶ በወሎ ሲያልፍ በአንድ የአካባቢው ገዢ እጅ ታስሮና ተዘርፎ ነው የወጣው። ከዚያ ሸዋ መመለስ ሲከለከል፣ ለኦሮሞ ሕዝብ በሌላ በር እደርሳለሁ ብሎ በ1844 ሞምባሳ ገባ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ሚስቱ ሮዚን በወባ ንዳድ ሞተች፤ አራስ ልጃቸውም ተከተለቻት። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ መንገድ ላይ ተወልዳ ለሞተችው ልጃቸው ያወጣላት ስም «እንባ» ነበር፤ በአማርኛ። ያኔ ንዳዱን ምን እንደሚያመጣው የሚያውቅ አልነበረም። ዛሬ ይታወቃል፤ ለዚህ ነው አጎበሩንና ምርመራውን ከጸሎቱ እኩል የምናነሣው።

ልጅሽ። አባቷን ያኮረፈችው ኬንያን ጠልታ አይመስለንም። ዘጠኝ ዓመቷ ላይ በሌሊት ቀስቅሰዋት፣ ሳትጠየቅ፣ ምን እንደምትይዝ ሳታውቅ ነው ከቤቷ የወጣችው። ለእሷ ሻንጣ ማለት ያቺ ሌሊት ናት። አሁንም ሳትጠየቅ ቀን ተቆረጠላት። ስለዚህ አባቷ ብቻውን ያናግራት፤ ለማሳመን ሳይሆን ያቺን ሌሊት እንድትነግረው። ምን ትታ እንደወጣች ይጠይቃት። ከተወሰነና ከሄዳችሁ ሻንጣዋን ራሷ ትሰብስብ፣ ከሳምንታት በፊት፣ በቀን። አልጋዋና አንድ ሳጥን ዕቃዋ አያቷ ቤት ይቅር፤ የበሩ ቁልፍ አንዱ ከእሷ ጋር ይሂድ። የሚመለሱበት ቤት እንዳለ በእጇ ትያዘው። መባነኑ ከወር በላይ ከቀጠለ ግን ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ክፍል ውሰጃት፤ የጦርነት ፍርሃት በምክር ብቻ ላይለቅ ይችላል። ለማቅለል አንድ ነገር ንገሪያት፦ ኪስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጥረው እንደ እኛ ነው። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ያለው «ሳ ሞጃ» አንድ ሰዓት ነው፣ ፈረንጅ ሰባት የሚለው። ሌላው ሁሉ ባዕድ በሆነበት አገር ሰዓቱ ይገባታል።

እናትሽ ቡና የሚያፈላላት አላጣችም። «ከማን ጋር» ነው ያለችሽ። ጥያቄው ወንድምሽ ይጦራታል ወይ የሚለው ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር።

የማይደበቀውን እንንገርሽ። ከማርሳቢት ሞያሌ 250፣ ከሞያሌ አዲስ አበባ 770፣ ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ከልጆች ጋር አራት ቀን ነው። በአየር ልሞክር ብትዪ ናይሮቢ ለመድረስ ብቻ አንድ ቀን በመኪና ይፈጃል፣ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ በረራ ከተገኘ ኮምቦልቻ። ሙስሊም ደግሞ የሚቀበረው በዕለቱ ነው። እዚያ ሆነሽ የሞት ወሬ ቢመጣ ለቀብሯ አትደርሺም። ከወሰናችሁ ይህን አውቀሽ ወስኚ፤ «እግዚአብሔር ያውቃል» ብለሽ አትለፊው። ይህን መሸከም አልችልም ካልሽ፣ እናትሽ በሕይወት እስካለች አልሄድም ማለት የታማኝ ልጅ መልስ ነው፤ ለባለቤትሽም ለሽማግሌዎቹም እንዲሁ በዪ። ያኔ እሱ በዓመት ሁለቴ ለአጭር ጊዜ እየሄደ፣ በቀረው ጊዜ እዚሁ ሆኖ የሚያገለግልበት መንገድ ይፈለጋል።

ለእሷ ስትነግሪያት «ልንሄድ ነው» አትበያት። «ተጠይቀናል፤ አንቺን ሳልጠይቅ አልወስንም» በያት። ብቻሽን፣ ከዐስር ሶላቷ በኋላ፣ ቡናው እየተፈላ። አቦሉ ላይ አትጀምሪ፤ ቶናው ላይ ጀምሪ፣ በረካው ላይ እሷ ትናገር። ዝም ካለችሽ ዝም በዪ። ስለ ሞት መጠየቅ ከከበደሽ የምታምናት ጎረቤት ትኑር። የምትሄዱት ለወንጌል መሆኑ ካስቀየማትም አትሸፋፍኚው፤ ያን አንድ ዓመት ኩርፊያ አልፋችሁታል።

ከተስማማችሁ ወንድምሽ ጋር ኮምቦልቻ ሄደሽ ተቀመጪ፤ በስልክ አይሆንም። እናትሽን ወደ ኮምቦልቻ እናውርዳት የሚል ሐሳብ ይመጣል። 25 ኪሎ ሜትር ቢሆንም ከጎረቤቷ፣ ከመስጊዷና ከቅሬዋ (ከዕድሯ) መንቀል ነው፤ 71 ዓመት በሞላው ሰው ላይ ከበሽታው የሚብሰው እሱ ነው። ይልቅ ከወንድምሽ ልጆች አንዷ ደሴ መጥታ አብራት ብትማርስ? የሕክምና ካርዷ፣ የክትትል ቀኖቿ፣ የመድኃኒቶቿ ስምና መጠን በአንድ ደብተር ይጻፉ፣ ወንድምሽም ቢያንስ ሁለት ቀጠሮ አንቺ እያለሽ አብሯት ይሂድ። የማኅበረሰብ ጤና መድኅን አባል ከሆነች የሚታደስበትን ወር እሱ ይያዘው። የምትልኪላት ገንዘብ ትንሽም ቢሆን በወር ቁርጥ ቀን ይድረሳት። ስልኩንም በዐስር ሰዓት ቡናዋ ላይ ደውዪ፤ ኬንያና ኢትዮጵያ ሰዓታቸው አንድ ነው፣ አንቺም እዚያ ጀበናሽን ጥደሽ።

ቅሬውን ግን ለወንድምሽ አታስተላልፊው። በራስሽ ስም ይቆይ፣ መዋጮው በየወሩ ይከፈል፣ ሥራ ሲኖር የሚቆምልሽ ሰው በስም ይመዝገብ። እናትሽ የስንት ሰው ድንኳን ላይ እንደዋለች የሰፈሩ ሴቶች ያውቃሉ፤ የእሷ ቀን ሲመጣ ስምሽ ከመዝገቡ ላይ ሲጠራ ይስሙ።